ምስክር፣ ዋስና ሽማግሌ

ጋዜጣ የሚያነብ ወይም ራዲዮ የሚያዳምጥ ሰው በየቀኑ ከሚያጋጥመው ነገር አንዱ፣ የአንድ አገር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስለ ሌላ አገር ነገር የሚሰጠው መግለጫ ነው። አንዱ መንግሥት «ሁኔታው አሳስቦናል» ይላል፤ ሁለተኛው «ድርጊቱን እናወግዛለን» ይላል፤ ሦስተኛው «ሁለቱም ወገኖች እንዲታገሡ» ሲል ይመክራል፤ አራተኛው ደግሞ «ከተበደለው ሕዝብ ጎን እንቆማለን» ብሎ ያስታውቃል። እኛም ሰምተን እናልፋለን። ብዙ ጊዜ የምንሰማው እንደ ሰላምታ አድርገን ነው። «እንደምን አደርክ» የሚለን ጎረቤት አዳራችንን ለማወቅ ብሎ እንዳልጠየቀን ሁሉ፣ «አሳስቦናል» የሚለውም መንግሥት በእውነት እንቅልፍ አጥቶ አድሯል ብሎ የሚያምን የለም።

ስለዚህ አያሌ አስተዋዮች የመንግሥታት ቃል በግብረ ገብ ሚዛን የሚመዘን አይደለም ይላሉ። ሰው ለባልንጀራው ቢዋሽ ነውር ነው፤ መንግሥት ለመንግሥት ቢዋሽ ግን ብልሃት ነው፤ ቃሉም የዕለት ጥቅም የሚለዋውጠው ልብስ እንጂ የሚያስር ገመድ አይደለም ይላሉ። እኔ በዚህ አሳብ አልስማማም። የማልስማማበትንም ምክንያት ለመግለጽ የምነሣው ከጠቢባን መጽሐፍ ሳይሆን፣ አባቶቻችን ይሟገቱበት ከነበረው ከዛፍ ጥላ ሥር ነው።

በቀድሞው ሙግት ከዳኛውና ከሁለቱ ባለጉዳዮች ሌላ፣ በሰው ነገር ገብተው የሚናገሩ ሦስት ዓይነት ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ምስክር ነው። ምስክር ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ከእርሱ የሚፈለገው እውነት ብቻ ነው፤ የተዘረፈውን ከብት አንተ መልስ የሚለው የለም። ሁለተኛው ዋስ ነው። ዋስ «ይህ ሰው ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ፤ ቢጠፋም እኔ አቀርበዋለሁ» ብሎ ይቆማል። የዋስ ቃል ከአፉ ሲወጣ ከበረቱ ከብት፣ ከጎተራውም እህል አብሮ እንደ ወጣ ይቆጠራል። ሦስተኛው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ አስታራቂ ስለ ሆነ ለአንዱ አያደላም፤ በደለኛው ማን እንደ ሆነ ልቡ ቢያውቅ እንኳ በአደባባይ ጮኾ አይናገርም። ነገር ግን ለዚህ ዝምታው የሚከፍለው ዋጋ አለ፤ ይኸውም የራሱን ሥራ ፈትቶ፣ ከሁለቱ መካከል ተቀምጦ፣ እስኪታረቁ ድረስ መድከም ነው።

ሦስቱም የተከበሩ ናቸው። ድሀ ሰው ዋስ ለመሆን ባይችል ምስክር ለመሆን ይችላል፤ በዚህም የሚነቅፈው የለም። ሁለቱንም ለመሆን ያልፈለገ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። የሚነቀፈው የአንዱን ወንበር ይዞ የሌላውን ዕዳ ለመክፈል የሚሻ ሰው ነው። በዋስ ቋንቋ ተናግሮ እንደ ምስክር ወደ ቤቱ የሚሄድ፣ ያየውን እያወቀ አላየሁም የሚል፣ ለማስታረቅም ሳይቀመጥ በሽማግሌ ቋንቋ የሚናገር፣ እነዚህ ሦስቱ የሸንጎ ጠንቆች ናቸው።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስለ ሰው አገር ነገር በአደባባይ ሲናገር፣ ፈለገም አልፈለገም ከነዚህ ከሦስቱ ወንበሮች በአንዱ ይቀመጣል። ቃሉ ግብረ ገብ ያለው መሆኑና አለመሆኑም የሚታወቀው በቃሉ ብርታት ወይም በጣፋጭነቱ ሳይሆን፣ የወንበሩን ዕዳ በመክፈሉና ባለመክፈሉ ነው። ይህንንም ለማስረዳት የሩቅ ምሳሌ አያስፈልገንም፤ የገዛ አገራችን ታሪክ ይበቃል። የአገራችንን ነገር በእኛ ዘመን አቆጣጠር፣ የሌላውን አገር ነገር ግን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ. ም. በኦጋዴን ወልወል ከተባለው የውኃ ጕድጓድ አጠገብ የኢጣልያና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተጋጩ። ኢትዮጵያ ወደ ጦር መሣሪያዋ ከመሮጥ ይልቅ አባል ወደ ሆነችበት ወደ መንግሥታት ማኅበር አቤት አለች። ነገሩ ወራት ከፈጀ በኋላ ለግልግል የተመረጡት ዳኞች ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ. ም. በወልወል ስለ ሆነው ነገር ከሁለቱ መንግሥታት ማንኛቸውም በደለኛ አይደሉም ብለው ፈረዱ። ፍርዱ በላዩ ሲያዩት ሰላማዊ ይመስላል። ነገር ግን በነዚያው ወራት የሙሶሊኒ ወታደርና መድፍ በመርከብ ተጭኖ በስዌዝ ቦይ እያለፈ ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ ይጓዝ ነበር። በዚያው ክረምት እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገኖች የጦር መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ይህም ቃል እኩልነት ያለው ይመስላል። ኢጣልያ ግን ጠመንጃዋንና አውሮፕላኗን በራሷ ፋብሪካ የምትሠራ አገር ነበረች፤ ከውጭ ካልገዛች በቀር የማታገኘው ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። ለሁለቱም እኩል የተነገረው ቃል በአንዷ አንገት ላይ ብቻ ወደቀ።

የሽማግሌ አነጋገር የሚበላሸው እንዲህ ሲሆን ነው። «ሁለቱም ወገኖች ይታገሡ» ማለት በራሱ ክፉ ቃል አይደለም። እንዲያውም ሊያስታርቅ የተቀመጠ ሰው ከዚህ ሌላ ሊናገር አይገባውም። ነገር ግን ሳይቀመጥ፣ ሳይደክም፣ አንዱ ሲታጠቅ ሌላው ባዶ እጁን መቅረቱን እያየ እንዲህ የሚል ሰው ሽማግሌ አይደለም፤ የሽማግሌ ነጠላ የለበሰ መንገደኛ ነው። እኩል ያልሆኑትን በእኩል ቃል መናገር አለማድላት ይመስላል፤ ነገር ግን ድምፅ የሌለው ማድላት ነው።

ከዚህም የሚከፋው የዋስ ነገር ነው። የወልወል ፍርድ ከተሰጠ በኋላ፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ በሆነችው በጳጉሜን 6 ቀን 1927 ዓ. ም. የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆር በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሞ ተናገረ። አገሩ በማኅበሩ ቃል ኪዳን እንደምትጸና፣ ያለ ምክንያት የሚነሣውንም ወራሪ ሁሉ ከሌሎቹ ጋር በኅብረት እንደምትቋቋም አስታወቀ። ሸክሙ ካለ ሁሉም በጋራ ይሸከሙት የሚል ቃል ጨምሮበት ነበር፤ ሆኖም ከጉባኤው የወጣ ሰው ሁሉ የሰማው የዋስ ቃል ነው። ትንንሾቹ መንግሥታት ልባቸው ሞላ፤ በአዲስ አበባም ዘመን ሲለወጥ ተስፋ አብሮ የገባ መሰለ።

ይሁንና ሆር ይህን ከመናገሩ በፊት በዋዜማው፣ እዚያው ዤኔቭ፣ ከፈረንሳዩ ከፒየር ላቫል ጋር ተገናኝቶ ነበር። ሁለቱም ከኢጣልያ ጋር ጦርነት ሊያመጣ የሚችል ነገር ሁሉ እንዲቀር፣ የስዌዝ ቦይም እንዳይዘጋ፣ በባሕር ከበባም እንዳይደረግ ተስማምተው ነበር። ይህንንም ላቫል ራሱ በታኅሣሥ 1928 ዓ. ም. ለፈረንሳይ ምክር ቤት ገልጦ ተናገረው። እንግዲህ ልብ እንበል። ዋሱ ሸንጎ ከመቆሙ በፊት ማታውኑ «ነገሩ ከጠና ከብቶቼን አላወጣም» ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ተማክሮ አድሯል፤ ሲነጋ ግን በአደባባይ ዋስ ነኝ አለ።

የቀረውን ዓለም ያውቀዋል። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ. ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። በአምስተኛው ቀን የማኅበሩ ምክር ቤት ኢጣልያ ቃል ኪዳን አፍርሳ ጦርነት እንደ ጀመረች ወሰነ። ይህ ትክክለኛ ምስክርነት ነበር። በኅዳር ወር የንግድ ቅጣት ተጀመረ፤ ነገር ግን ታንክና አውሮፕላን ሊንቀሳቀሱ የማይችሉበት ነዳጅ ዘይት ከቅጣቱ ውጭ ሆኖ ቀረ። ኅዳር 28 ቀን ሆርና ላቫል በፓሪስ ሌላ ወረቀት ተፈራረሙ። ይኸውም ለኢትዮጵያ በአሰብ በኩል የባሕር በር ተሰጥቷት፣ በምላሹ ብዙ አገሯን ለኢጣልያ እንድትለቅ፣ ከደቡቡም ሰፊ ክፍል ለኢጣልያ የንግድና የሰፈራ ስፍራ እንዲሆን የሚል ነበር። በማግሥቱ የፓሪስ ጋዜጦች ምስጢሩን አወጡት።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ግን ለጉዳያችን ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጥ ነው። የእንግሊዝ ሕዝብ ተቈጣ። በዚያው ዓመት ስለ ሰላምና ስለ መንግሥታት ማኅበር በተደረገው የአሳብ መጠይቅ ከ11 ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሰው መልስ ሰጥቶ ነበር፤ ብዙው ሰው ወራሪ በንግድ ቅጣት እንዲከለከል ፈቅዶ ነበር። የሆርን የጳጉሜን ቃል ሕዝቡ ከልቡ ተቀብሎታል። ስለዚህ ሚኒስትሩ ያላመነበት ቃል፣ ባመኑበት ሰዎች አፍ ተመልሶ ወደ ራሱ መጣበት፤ ታኅሣሥ 8 ቀንም ከሥልጣኑ ለቀቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ቃል ከተናጋሪው ከራቀ በኋላ የተናጋሪው ልብ ምን እንደ ነበረ አይጠይቅም። የመንግሥት ቃል ባዶ ልብስ ነው ለሚሉት አንዱ መልስ ይህ ነው፤ ባዶ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱን ባልጣለው ነበር።

ነገር ግን ሚኒስትር ቢሽር ለተበደለው ምን ይረባዋል? ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ. ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዤኔቭ ቆመው ለጉባኤው ተናገሩ። ከአራት ቀን በኋላ ጉባኤው የንግድ ቅጣቱ እንዲቀር ወሰነ። ኢትዮጵያ ጦርነቷን ለመቀጠል ዐሥር ሚሊዮን ፓውንድ ብድር እንዲፈቀድላት ላቀረበችው ልመናም ከራሷ ድምፅ በቀር አንድም ደጋፊ አልተገኘም፤ 23 መንግሥታት ተቃወሙ፤ 25ቱ ድምፃቸውን ከለከሉ። እኔ የነዚያን 25ቱን ዝምታ ሳስብ ከ23ቱ ተቃውሞ ይልቅ ይከብደኛል። የተቃወመው ቢያንስ አልከፍልም ብሏል፤ ዝም ያለው ግን ዕዳውን እያወቀ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

በሐሰተኛ ዋስና በዝምተኛ ጎረቤት መካከል ልዩነት አለ። ጎረቤቱ ዝም ቢል የተበደለው ሰው ብቻውን መሆኑን ያውቃል፤ እንደ አቅሙም ይዘጋጃል፤ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይታረቃል፣ ወይ ቀድሞ ጦሩን ይስላል። ዋስ ያለው ሰው ግን በዋሱ ላይ ተደግፎ ይቆማል። ዋሱ ዘወር ሲል የሚወድቀው ደካማ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን ስለ ተደገፈም ጭምር ነው። ስለዚህ የማይፈጸም የርዳታ ቃል ምንም ካለመናገር የባሰ ነው። መልካም ቃል ቢቀር እንጂ ክፉ አያደርግም ማለት ስሕተት ነው፤ የሰውን ጊዜና ጥንቃቄ ይሰርቃል።

ምናልባት አንባቢ «እንግዲያውስ ጦር ለመላክ ያልቻለ መንግሥት ሁሉ አፉን ይዝጋ ማለትህ ነውን?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። የምስክርን ወንበር ያስቀደምሁት ስለዚህ ነው።

በዚያው ዘመን ሜክሲኮ ከእኛ እጅግ የራቀች፣ ለእኛ ልትዋጋ የማትችል አገር ነበረች፤ ልዋጋላችሁም አላለችም። ነገር ግን ወረራውን ወረራ አለችው፤ ኢጣልያ ኢትዮጵያን መያዟንም አላወቀችም። ሂትለር እ.ኤ.አ. በ1938 ኦስትሪያን በጠቀለለ ጊዜ በመንግሥታት ማኅበር ተቃውሞዋን በጽሑፍ ያቀረበች ይህችው ሜክሲኮ ነበረች። ኒው ዚላንድ ከእንግሊዝ ጋር የተሳሰረች ትንሽ አገር ስትሆን፣ በግንቦት 1930 ዓ. ም. እንግሊዝ ራሷ እያንዳንዱ መንግሥት የኢጣልያን ይዞታ ለማወቅ ነፃ ይሁን ስትል፣ የኒው ዚላንድ መልእክተኛ በምክር ቤቱ ተቃወመ። የቻይናና የሶቪየት ኅብረት መልእክተኞችም እንዲሁ አደረጉ። እንግሊዝ ግን ኅዳር 7 ቀን 1931 ዓ. ም. የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አድርጋ አወቀች።

የነዚህ ጥቂቶች ቃል አንድም ጥይት አልተኮሰም። ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጥቅሙ መዝገቡ እንዳይዘጋ ማድረጉ ነው። ቀማኛ ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው የቀማውን መያዝ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች ሁሉ የእርሱ ነው እንዲሉለት ነው። አንድ ምስክር እንኳ «የእርሱ አይደለም» እያለ እስከ ቆመ ድረስ ነገሩ ፍርድ እንዳላገኘ ይቈያል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1940 ሶቪየት ኅብረት ኤስቶኒያን፣ ላትቪያንና ሊቱዋኒያን መያዟን አላውቅም ብላ አስታወቀች፤ ይህንንም ቃል በሃምሳ ዓመት ውስጥ አልለወጠችም። የጠፉት መንግሥታት ወኪሎች በዋሺንግተን በየቤታቸው ባንዲራቸውን እንደ ሰቀሉ አረጁ። ሰው ሊስቅባቸው ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ሦስቱ አገሮች ነፃነታቸውን ሲመልሱ ግን፣ ያ አንድ ወረቀት ሲጠብቃቸው ተገኘ። በአዲስ አበባ ሜክሲኮ የሚባል አደባባይ መኖሩ፣ በሜክሲኮም ከተማ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ ስፍራ መገኘቱ፣ ምስክር ያልከፈለው ዕዳ ባይኖርበትም የሚከፈለው ምስጋና እንዳለው ያሳያል።

ሆኖም ምስክርን ሳመሰግን እውነቱን መደበቅ የለብኝም። የኢጣልያን ይዞታ ያላወቁት አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ሁለቱም በጦርነቱ ወራት ለኢጣልያ ነዳጅ ዘይት ይሸጡ ነበር። በዚህ ምክንያት ምስክርነታቸው ሐሰት ሆነ ማለት ነውን? አልልም። እውነት በማን አፍ ቢነገር እውነት ነው። ነገር ግን በቀን ስለ ቀማኛው የሚመሰክር፣ በማታ ስንቁን የሚሸጥለት ሰው፣ ምስክርነቱ ሳይሆን እርሱ ራሱ ይጐድፋል። ምስክር የሌላውን ዕዳ እንዲከፍል አይገደድም፤ ከበደለኛው ጋር ማትረፉን እንዲተው ግን ይገደዳል። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ የምስክር ዕዳ ትንሹ ወሰን ነው፤ ብዙ መንግሥታትም የሚወድቁት ከዚህ ወሰን በታች ነው።

ሦስተኛው ጠንቅ ያዩትን አላየሁም ማለት ነው። ይህም ዛሬ ዛሬ የሚደረገው በግልጥ ውሸት ሳይሆን በቃላት ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1994 ጀምሮ በሩዋንዳ መቶ በሚያህል ቀን ውስጥ ወደ 800,000 የሚገመት ሰው ተፈጀ። ፍጅቱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት የጸጥታው ምክር ቤት በዚያ የነበረውን የሰላም ጠባቂ ጦር ወደ 270 ሰው እንዲያንስ ወሰነ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቃል አቀባዮችም ነገሩን በስሙ ዘር ማጥፋት ብለው እንዳይጠሩ ተጠንቅቀው፣ ዘር የማጥፋት ድርጊቶች ተፈጽመዋል እስከ ማለት ብቻ ደረሱ። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1948 የተጻፈው ውል፣ ዘር ማጥፋትን ለመከላከል ፈራሚዎቹን የሚያስገድድ ስለ ሆነ ነው። ይህን ውል ከመንግሥታት ሁሉ አስቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ መሆኗን አንባቢ ልብ ይበል። እንግዲህ በሩዋንዳ የሆነው ይህ ነበር፤ ምስክሩ ከመሰከርሁ ዋስ ያደርጉኛል ብሎ ስለ ፈራ፣ ያየውን ነገር ስሙን ለወጠ። እውነትን የተወው ስላላወቃት ሳይሆን ዋጋዋን አስልቶ ነው።

ቃል የሚመረጠውም ሲመሰከር ብቻ አይደለም፤ ዋስ ሲቆምም ይመረጣል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1994 በቡዳፔስት አሜሪካ፣ እንግሊዝና ሩሲያ ለኡክራይን ወሰኗን ሊያከብሩላት በጽሑፍ ቃል ገቡ፤ እርሷም በምድሯ የነበረውን የአቶም መሣሪያ አስረከበች። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ የገባው ቃል ማረጋገጫ የሚል እንጂ ዋስትና የሚል አልነበረም። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2014 ክሪሚያን ስትይዝ፣ በ2022ም በሙሉ ጦር ስትገባ፣ ሊቃውንቱ ስለዚያች ቃል ይከራከሩ ጀመር። ወሰን አከብራለሁ ብሎ የፈረመው ራሱ ወሰን የጣሰ እንደ ሆነ በደሉ ግልጥ ነው፤ ትርጓሜ አያሻውም። ስለ ሌሎቹ ፈራሚዎች ግን ልናስብ የሚገባን፣ ሰው መሣሪያውን ሲያስረክብ የተናገሩት ቃል፣ ሲቆጠር ሌላ ሲሰማ ሌላ መሆኑን ነው። ከዳኛ ፊት የሚያስመልጥ ቃል ሁልጊዜ ከኅሊና ፊት አያስመልጥም። ቃል የሚመዘነው ተናጋሪው በልቡ ባስቀረው ብቻ ሳይሆን፣ የሰማው ሰው ምን ተስፋ እንዲያደርግ ተናጋሪው እያወቀ እንደ ተወው ጭምር ነው።

ሁለት ተቃውሞ ይቀራል። አንደኛው «ሚኒስትር የራሱን ገንዘብ አይደለም የሚከፍለው፤ የሕዝቡን ልጆች ነው፤ ስለዚህ ለባዕድ ሲል ሊጨክንባቸው አይገባውም» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። እውነት በመሆኑም የሚያስገድደው በዋስ ቃል እንዲቆጥብ እንጂ ዋስ ሆኖ እንዲክድ አይደለም። በሌላ ሰው ከብት ዋስ የሚቆም፣ በገዛ ከብቱ ከሚቆመው ይልቅ አፉን ሊጠብቅ ይገባዋል። ሁለተኛው «ሁኔታ ይለወጣል፤ ትናንት የሚቻለው ዛሬ አይቻልም» የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ዕዳውን ለመክፈል ያልቻለ ጨዋ ዋስ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ወደ ሸንጎ ተመልሶ «ቃል ገብቼ ነበር፤ አልቻልሁም፤ በእኔ አትደገፍ» ይላል። ያሳፍራል፤ ግን የተደገፈው ሰው እንዲጠነቀቅ ጊዜ ይሰጠዋል። ማታ በምስጢር የተበዳዩን ርስት ከበደለኛው ጋር መካፈል ግን የሁኔታ መለወጥ አይባልም።

አሁን ደግሞ ሚዛኑን ወደ ራሳችን እንመልስ፤ በሌላው የሚፈርድ ሰው በገዛ ደጁም ሊፈርድ ይገባዋልና። ኢትዮጵያ ከነፃነቷ በኋላ በሁለት ነገር የወንበሯን ዕዳ ከፍላለች ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1951 ወራሪን በኅብረት መከላከል ይገባል የሚለውን የዤኔቭ አቤቱታዋን ሳትረሳ ቃኘው ሻለቃን ወደ ኮሪያ ላከች፤ ጦርነቱ እስኪያበቃና ከዚያም በኋላ ከ6,000 በላይ ወታደሮች ተመላልሰው ሄዱ፤ ከ120 በላይም በዚያ ሞቱ። ይህ የዋስ አከፋፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ ከላይቤሪያ ጋር ሆና፣ ደቡብ አፍሪካ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ ላይ የምታደርገውን በደል በዓለም ፍርድ ቤት ከሰሰች። ክሱ ስድስት ዓመት ያህል ፈጀ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 1966 የዳኞቹ ድምፅ ሰባት ለሰባት ሆኖ፣ ፕሬዚዳንቱ በጨመረው ድምፅ ሁለቱ አገሮች ለመክሰስ መብት የላቸውም ተባለ። ምን አገባችሁ እንደ ማለት ነው። ነገር ግን ምስክርነቱ ከንቱ አልቀረም። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት ሻረ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1971 በሰጠው አሳብ የደቡብ አፍሪካ በዚያ መቀመጥ ሕገ ወጥ ነው አለ፤ ያች አገርም እ.ኤ.አ. በ1990 ናሚቢያ ተብላ ነፃ ወጣች።

ይህን የምጽፈው እንድንመካ አይደለም። ትናንት የተከፈለ ዕዳ የዛሬውን አያስቀርም። ዤኔቭ ላይ የተጣለ ሕዝብ ልጆች የሆንን ሰዎች፣ ሌላው ሲጣል በሽማግሌ አነጋገር ብናልፍ፣ ወይም ለራሳችን ሲሆን ምስክር ፈልገን ለሌላው ሲሆን ዐይናችን ቢፈዝ፣ ከማንም ይልቅ ነውሩ የእኛ ይከፋል።

የሚኒስትሮቹንም ነገር ብቻ አንይ። እኛ ሰሚዎቹ ከጥፋቱ ድርሻ አለን። መንግሥታችን ስለ አንድ በደል ዝግ ባለ ቃል ሲናገር «ፈሪ ነው» እንላለን፤ ትልቅ ቃል ሲናገር እናጨበጭባለን፤ የትልቁ ቃል ዋጋ ሲጠየቅ ግን «ከእኛ አይደለም» እንላለን። የእንግሊዝ ሕዝብ በዚያ ዓመት የሆርን ቃል ወደደ፤ ዋጋውን ግን የነገረው ሰው አልነበረም፤ አጥብቆ የጠየቀም ብዙ አልነበረም። ዋጋውን ሳይጠይቅ ቃልን የሚያደንቅ ሕዝብ፣ ሳይከፍሉ የሚናገሩ ሚኒስትሮችን ያፈራል።

ስለዚህ የአንድ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መግለጫ ሲነበብ በሰማን ጊዜ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ይህ መንግሥት የተቀመጠው በየትኛው ወንበር ነው? ምስክር ከሆነ፣ የሆነውን ነገር በስሙ ጠርቶታልን? ከበደለኛውስ ጋር ማትረፉን ትቷልን? ዋስ ከሆነ፣ ከብቱን ቆጥሯልን? ሕዝቡስ ዐውቆ ፈቅዷልን? ሽማግሌ ከሆነ፣ በእውነት ከሁለቱ መካከል ተቀምጧልን ወይስ በመንገድ ሲያልፍ ነው የሚናገረው? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ዲፕሎማት መሆን አያስፈልግም፤ በአገሩ ሸንጎ ላይ አንድ ቀን የተቀመጠ ገበሬ ሁሉ ያውቃቸዋል።

አባቶቻችን ዋስ ከመቆማቸው በፊት ቤታቸው ገብተው ከሚስታቸው ጋር ይመክሩ ነበር ይባላል፤ ከብቱ የእርሷም ነበርና። በማግሥቱ ወደ ሸንጎ ሲመለሱ ከሁለት ቃል አንዱን ይዘው ይመጡ ነበር። አንዱ «እኔ ዋስ ነኝ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ዋስ ለመሆን አቅም የለኝም፤ የማውቀውን ግን እመሰክራለሁ» የሚል ነው። በሁለተኛው ቃል ያፈረ ሰው አልነበረም። መንግሥታትም ይህን ሁለተኛውን ቃል ለመናገር ማፈርን ቢተዉ፣ በመጀመሪያው ቃል የሚታለለው የዓለም ድሀ ቍጥር እጅግ ያንስ ነበር።